ሰውን ምን ያንቀሳቅሰዋል? ስለ መነሳሳትና ስለ መሠረታዊ ፍላጎቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ያሉ ተማሪዎች፣ ወላጆችና የሥራ ኃላፊዎች ስለ መነሳሳት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ሞቲቬሽን ሞቲቬሽን የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

አንድን ነገር እንድንጀምር፣ እንድንበረታበትና ሳንጨርስ እንዳንተወው የሚያደርገን ግፊት ነው። በአማርኛ መነሳሳት ወይም ተነሳሽነት እንለዋለን። ብዙ ሰው የሚያየው መጀመሩን ብቻ ነው። መቀጠሉ ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል።

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ከብርድ ልብሷ ወጥታ ምጣድ ትጥዳለች። ልጇ ሦስት ጊዜ ተጠርቶም አልተነሣም። እሷ ጎበዝ፣ እሱ ሰነፍ ብለን ልንዘጋው እንችላለን። ግን እሷን ጠዋት ትኩስ ዳቦ የሚጠብቃት ደንበኛ አለ። ልጁም ቢሆን ኳስ ሊጫወት ቀጠሮ ካለው ከእሷ ቀድሞ ይነሣል። መነሳሳት አንዱ ተወልዶበት ሌላው የተነፈገው ጸባይ አይደለም። ያው ሰው ለአንዱ ነገር እሳት፣ ለሌላው አመድ ሊሆን ይችላል።

መሠረታዊ ፍላጎቶች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ሲጎድሉ ሰውን የሚጎዱት ናቸው። አዲስ ስልክ ባይገዛልን እንናደዳለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። እንቅልፍ ሲጠፋ ወይም የሚያናግረን ሰው ስናጣ ግን ቀስ እያልን እንታመማለን። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ታዋቂው ዝርዝር የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የአብርሃም ማስሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው ጽሑፍ አምስት ፍላጎቶችን አስቀመጠ። የመጀመሪያው የአካል ፍላጎት ነው፤ ምግብ፣ ውሃና እንቅልፍ እዚህ ይገባሉ። ከዚያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ፍቅርና የወገን መሆን፣ ከዚያ ክብር ይመጣል። አምስተኛው ሰው በውስጡ ያለውን ችሎታ አውጥቶ መሆን የሚችለውን መሆኑ ነው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሦስት የሥነ ልቦና ፍላጎቶችን ለዩ። በራሴ ፈቃድ ነው የምሠራው ማለት። እችላለሁ ማለት። የሚያስብልኝ ሰው አለ ማለት። ለዕለት ኑሮ ከአምስቱ ይልቅ እነዚህ ሦስቱ ይጠቅማሉ ባይ ነኝ። ልጅ፣ ሠራተኛ ወይም ራሳችንን "ምን ነካው?" ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ጎድሎ እናገኘዋለን።

የማስሎ ፒራሚድ እውነት ነው? ሰው ሆዱ ሳይሞላ ስለ ክብር አያስብም?

ዝርዝሩ እውነት ነው፣ ደረጃው ግን አልጸናም። ሲጀመር አምስቱን ፍላጎቶች ከታች ወደ ላይ በደረጃ የሚደረድረውን ፒራሚድ የሣለው ማስሎ አይደለም። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1960 ቻርልስ ማክደርሚድ የተባለ አማካሪ በአንድ የንግድ መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። ማስሎ የታችኛው ፍላጎት መቶ በመቶ ካልሞላ የላይኛው አይመጣም አላለም። ለማስረዳት ያህል ብሎ፣ አንድ ተራ ሰው የአካል ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደኅንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ክብሩ 40፣ ችሎታውን ማውጣቱ 10 በመቶ ብቻ ተሟልቶለት ሊኖር ይችላል ብሏል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያመጣቸው እንጂ የተለኩ አይደሉም። ፍላጎቶቹ ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ማመኑን ግን ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሉዊስ ታይና ኤድ ዲነር ከ123 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ መረመሩ። ሰዎች ምግብና ደኅንነትን ቀድመው የማሟላት ዝንባሌ አላቸው። ይሁን እንጂ ወዳጅነትና ክብር ደስታ የሚጨምሩት ሆድ ከሞላ በኋላ ብቻ አይደለም። በጎደለ ኑሮም መሀል የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ ነው። መንዝ ውስጥ ጎተራዋ የተራቆተ ሴት ጎረቤት ለቅሶ ሲደርስ ንፍሮዋን ቀቅላ ይዛ ትሄዳለች። ፒራሚዱን ይዘን ብንፈርድባት ደረጃ ዘለለች እንላለን። እሷ ግን ምንም አልዘለለችም። በየሥልጠናው አዳራሽ ያ ባለቀለም ሦስት ማዕዘን ፓወር ፖይንት ላይ ሲወጣና "መጀመሪያ ሆድ፣ ክብር በኋላ" ሲባል ደስ አይለኝም። ደሃ ክብር አያስፈልገውም የሚል መልእክት ሳይታወቅ አብሮ ይገባል። እርዳታ ሲታደል ሰውን ፀሐይ ላይ ማሰለፍና ማመናጨቅ የሚመጣው ከዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

ታዲያ ረሃብ ሰውን ምንም አያደርገውም ማለት ነው?

በጣም ያደርገዋል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወንዶች ፈቅደው የረሃብ ጥናት ገቡ። ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ምግብ ግማሹን ገደማ ብቻ ሲበሉ ከረሙ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ያ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው የአእምሯቸው ነገር ነበር። ስለ ምግብ ብቻ ያወሩ፣ ያልሙ ጀመር። አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ያዙ። ቀልዱም ክርክሩም የሴት ነገርም ጠፋቸው። በትንሽ በትልቁ ይቆጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለገበሬ ቅርብ ነው። ሕንድ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው፤ አንዴ ከመከር በፊት እጃቸው ሲያጥር፣ አንዴ ከመከር በኋላ ገንዘብ ሲይዙ። ያው ገበሬ ከመከር በፊት ውጤቱ ዝቅ አለ። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ጭንቀቱ የማሰብ አቅሙን ተሻምቶበታል። ወደ እኛ እናምጣው። ብዙው የደጋ አካባቢ በልግ ጠብቆ ይኖራል። በልግ በቀረበት ዓመት ነሐሴ ላይ ቤት ባዶ ይሆናል። ገበሬው ብድር ልውሰድ አልውሰድ፣ በጌን ልሽጥ ላቆይ ብሎ የሚወስነው በዚያው ወር ነው። ያኔ የተወሰነው ነገር ልክ ሳይሆን ሲቀር "አያስብም እኮ" ይባላል። እኔ ብሆን ሥልጠናውንም ውል መፈራረሙንም ጥር ላይ አደርገው ነበር።

ሰው ያለ ሰው ለምን አይሆንለትም?

ወገን ማግኘት ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚመጣ ቅንጦት አይደለም። ሃሪ ሃርሎ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው የጦጣ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። ከእናታቸው የተለዩ ግልገል ጦጣዎች ሁለት ሰው ሠራሽ እናት ቀረበላቸው። አንዷ ባዶ ሽቦ ናት፣ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች። ወተቱ ከሽቦዋ ሲመጣ እንኳ ግልገሎቹ ጠጥተው ወደ ጨርቋ ይመለሱና ተለጥፈው ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ባውማይስተርና ሊሪ እስከዚያ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ወገን መፈለግ ከሰው መሠረታዊ ፍላጎቶች አንዱ ነው ብለው ደመደሙ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከቆላ የመጣ አንደኛ ዓመት ተማሪ "ብርዱ ሊገድለኝ ነው፣ ማጥናት አልቻልኩም" ይላል። ብርዱስ እውነት ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነገር ግን የዶርም ጓደኛ ካገኘና ቡና የሚጠራራው ሰው ካፈራ በኋላ ብርዱ ሳይቀንስ ቅሬታው ይቀንሳል። ወላጆች ጋቢ ከመላክ ጋር "ማን ጋር ነው የምትበላው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ጥሩ ነው።

ገንዘብ ሲከፈል ሰው የበለጠ አይሠራም?

እንደ ሥራው ይለያያል። አሰልቺ ሥራ ላይ ክፍያ ይሠራል፤ ጆንያ የሚሸከም ሰው በፍቅር ተሸከም አይባልም። ችግሩ የሚመጣው ሰው ቀድሞውንም ወድዶ የሚሠራው ነገር ላይ ነው። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሶማ በሚባል የኩብ መገጣጠሚያ እንዲጫወቱ አደረገ። ለግማሾቹ ለእያንዳንዱ ለፈቱት አንድ ዶላር ከፈለ። ቀጥሎ ክፍያው ቆመ። ያኔ የተከፈላቸው ልጆች በነፃ ጊዜያቸው ጨዋታውን መንካት ቀነሱ። ምንም ያልተከፈላቸው ግን እንደወደዱት ቀሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት በሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ። ሥዕል የሚወዱ ልጆችን "ከሣላችሁ ሽልማት አለ" አሏቸው። ሽልማቱ ሪባን ያለበት ምስክር ወረቀት ነው። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚህ ልጆች ለሥዕል የሚሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ወረደ። የሚገርመው ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት አልቀነሱም። ስለዚህ ጉዳቱ ያለው "ይህን ካደረግህ ይህን እሰጥሃለሁ" የሚለው ውል ላይ ነው። "አንደኛ ከወጣህ ሞባይል እገዛልሃለሁ" ከማለት ልጁ ከለፋ በኋላ ሳይጠብቅ መሸለም ይሻላል። ከልብ የሆነና ነገሩን ለይቶ የሚናገር ምስጋናም አይጎዳም።

ለሠራተኞቼ ደመወዝ ጨምሬ ለምን ይለቃሉ?

ደብረ ብርሃን በፋብሪካ እየሞላች ነው፤ ይህ ጥያቄ ከፈረቃ ኃላፊዎች ብዙ ይመጣል። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሥራው ፒትስበርግ አካባቢ ያሉ 200 ያህል መሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞችን ስለ ሥራቸው ጠይቆ ነበር። ሥራ የሚያስጠላው ነገርና ሥራ የሚያስወድደው ነገር አንድ አይደለም አለ። ደመወዝ፣ የሥራ ቦታ ሁኔታና የአለቃ ጸባይ ሲበላሹ ሰው ያማርራል። ሲስተካከሉ ደግሞ ምሬቱ ይቆማል፣ ፍቅር ግን አይመጣም። ፍቅሩን የሚያመጣው ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነት መሰጠትና ውጤቱ መታየቱ ነው። ይህ ሐሳብ ተቺ አላጣም። ሰው ጥሩውን ለራሱ፣ መጥፎውን ለአለቃው መስጠት ይቀናዋል ብለው የተከራከሩ አሉ። ተገቢ ክርክር ነው።

ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከጤፍ ዋጋ በታች ከሆነ ግን ስለ ኃላፊነትና ስለ እድገት ማውራት ቀልድ ነው። መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ከዚያ በኋላም ሰው የሚለቅ ከሆነ አለቃው ሠራተኛውን እንዴት እንደሚያናግረው ይታይ። ሰው ፊት መጮህ፣ ለመጸዳጃ እንኳ ማስፈቀድ፣ የፈረቃ ለውጥ በዋዜማው ማሳወቅ። እነዚህ 500 ብር ጭማሪ የሚያካክሳቸው አይደሉም። ሌላ ፋብሪካ በ100 ብር አሳንሶም ቢሆን በስሙ ከጠራው ይሄዳል።

ልጄ ማጥናት አይፈልግም። ሰነፍ ሆኖ ነው?

ሰነፍ ከማለት በፊት ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ እችላለሁ ብሎ ያምናል ወይ? ቪክቶር ቭሩም የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስረዳው ሰው የሚለፋው ልፋቱ ውጤት ያመጣል፣ ውጤቱም የሚፈልገውን ያስገኝለታል ብሎ ሲጠብቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ልፋቱም ዜሮ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ በዚህ አካባቢ ብዙ ልጅ በጦርነትና በጸጥታ ችግር ትምህርቱ ተቋርጦበታል። ይህን ያየ የ11ኛ ክፍል ልጅ "ለምን እለፋለሁ?" ቢል ሒሳብ እየሠራ ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ታላቅ ወንድም ቤት ቁጭ ካለ ደግሞ ሒሳቡ ይብስበታል።

ሁለተኛ፣ ምርጫ አለው ወይ? መቼ እንደሚያጠና፣ በየትኛው ትምህርት እንደሚጀምር ራሱ ይወስን። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትሠራለች። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ከውጤቱ ውጪ የሚጠየቅበት ወሬ አለ ወይ? ከትምህርት ቤት ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት አመጣህ?" ከሆነ ልጁ ከእናት ከአባቱ መሸሽ ይጀምራል። የአክስቱን ልጅ እየጠሩ ማወዳደርም እንደዚያው። ቅናት እንጂ ወኔ አይሰጥም።

የሚረዳው ነገር ትንሽ ነው። ያልገባውን ምዕራፍ ወደ 7ኛ ክፍል ወርዶም ቢሆን ፈልጎ ማግኘት። እዚያ የሚችለውን ጥያቄ ይሥራ። እችላለሁ የሚለው ስሜት የሚመጣው ከምክር አይደለም፤ አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ ሲሳካለት ነው።

ሰው መሞከሩን ጭራሽ የሚተወው ለምንድን ነው?

ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት ማምለጥ የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ መሻገሪያ ሲከፈትላቸውም አብዛኞቹ ተኝተው ዝም አሉ። ተስፋ መቁረጥን ተማሩ ተባለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ እነዚሁ ሁለቱ ሰዎች የአንጎል ጥናት አይተው ነገሩን ገለበጡት። ክፉ ነገር ሲረዝም ዝም ብሎ መተኛት የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ የሚማሩት "በእጄ ያለ ነገር አለ" የሚለውን ነው አሉ። የራስን ሥራ በአደባባይ እንዲህ ማረም በሳይንስም ብዙ አይታይም።

ለኑሮ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በየቢሮው "ነገ ተመለስ" ሲባል የኖረ ሰው፣ ንግዱ ሦስቴ የከሰረ ሰው፣ ቀዬውን ጥሎ የተሰደደ ሰው ቅስሙ ይሰበራል። "ተነሣ፣ በርታ" ማለት አይጠግነውም። ውጤቷ ቶሎ የምትታይ፣ በራሱ እጅ ያለች አንዲት ሥራ ግን ትረዳዋለች። አምስት ዶሮ ሊሆን ይችላል። የዕድሩን ዕቃ መዝግቦ መያዝ ሊሆን ይችላል።

የሞቲቬሽን ንግግር ስሰማ እጋጋላለሁ፣ በማግስቱ ግን ያው ነኝ። ለምን?

መፈለግና መደሰት በአንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ አላቸው። ኬንት ቤሪጅ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የበለጠ የሚሠራው ለመፈለጉ ነው። ቪዲዮ ስናይ ፍላጎቱ ይነሣል። ስልኩ ሲዘጋ ግን ለነገ የተያዘ ሥራ፣ ሰዓትና ቦታ የለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለዚህ ቀላል መላ አለው። "በርትቼ አጠናለሁ" ማለት ትቶ "እራት በልቼ ሳህኑን ሳነሣ፣ የሒሳብ ደብተሬን ከፍቼ ሁለት ጥያቄ እሠራለሁ" ብሎ ከሌላ ድርጊት ጋር ማሰር። ሲጽፉት ሞኝነት ይመስላል። ግን ይሠራል።

ልማድ በ21 ቀን ይለመዳል የሚለውም ልክ አይደለም። ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አንድ ልማድ ያለ ትግል እስኪሠራ ድረስ መሀለኛው ጊዜ 66 ቀን መሆኑን አገኘ። ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው በስሌት 254 ቀን ነበር። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሁሉን አያፈርስም። በ22ኛው ቀን ያልተዋሃዳችሁ "እኔ አልረባም" አትበሉ።

ድህነት እያለ ሰው ለምን ለሠርግና ለተስካር ተበድሮ ይደግሳል?

ቁጭ ብለን ስናሰላው ኪሳራ ነው። ግን ድግሱ ሁለት ፍላጎት ይመልሳል። አንዱ ክብር ነው፤ "እንትና እኮ ደህና አድርጎ ዳረ" መባል። ሌላው ደኅንነት ነው። ባንክ ቡክ የሌለው ሰው ቁጠባው ጎረቤቱ ላይ ነው። ዛሬ ያበላው ሰው ነገ ወንፈል ይገባለታል፣ በሬ ያውሰዋል፣ ሲሞት ይቀብረዋል።

ይህን ስል ዕዳውን እያመሰገንኩ አይደለም። ሁለት በሬ ሸጦ ሁለት ቀን አብልቶ ዓመት ሙሉ በሰው በሬ ማረስ ልጆችን ይጎዳል። ነገር ግን "ድግስ ተዉ" የሚል ዘመቻ ብቻውን አይሠራም። ዕድሩ ተሰብስቦ ከዚህ በላይ አይደገስም ብሎ ለሁሉም እኩል ሲወስን ግን ማንም ሳይዋረድ ወጪው ይወርዳል። ብቻውን የቀነሰ ሰው ንፉግ ይባላል። አብረው ሲቀንሱ ደንብ ነው።

መንፈሳዊ ፍላጎትስ የት ነው የሚገባው?

ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 ከማረፉ በፊት በነበሩት ዓመታት ከራስ በላይ ለሆነ ነገር መኖር የሚለውን ሐሳብ ከአምስቱ በላይ አድርጎ ጽፏል። የመማሪያ መጻሕፍት ግን አምስቱን ይዘው ቀሩ። ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ደግሞ የሰው ዋና ፍላጎት ትርጉም ማግኘት ነው ይላል።

ሰላ ድንጋይ አጠገብ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደውን ሰው ማየት ይበቃል። ጠበል ሊጠመቅ ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። በሶ ይዞ፣ መሬት ላይ እየተኛ ሱባኤ ይገባል። ምግብም ምቾትም ፈቅዶ ትቷል። ይህን ሰው "የታችኛው ፍላጎቱ አልተሟላም" ማለት ምንም አይነግረንም።

ሰነፍ መሆኔን ወይስ ድብርት እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

የማይደብረው ሰው የለም። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚያዝን፣ ቀድሞ የሚወደው ነገር ሁሉ የሚያስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ የተዛባ፣ አልረባም የሚል ስሜት የያዘው ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሰነፍ የሚባለው ሰው ሥራውን ሸሽቶ ሌላ ነገር ያስደስተዋል። ድብርት የያዘው ግን ጨዋታውም ጓደኛውም አይጥመውም። ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ ይሆንበታል።

ጠበል መሄድና ሐኪም ቤት መሄድ አይጣሉም። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ግን ያለ ሐኪሙ ምክር አያቋርጥ። ራስን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ሰው ካለ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሁሉ የተሟላለት ሰው ለምን አይረካም?

ስለሚለምደው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት 22 የሎተሪ ባለ ዕድለኞችን ከተራ ሰዎች ጋር አወዳድሮ ነበር። ባለ ዕድለኞቹ ያን ያህል ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። ጭራሽ ከጓደኛ ጋር ማውራትን የመሰለ ትንሽ ደስታ ቀንሶባቸው ነበር። ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ከሦስት ወር በኋላ የሚያየው የጎረቤቱን ፎቅ ነው።

"በራስ ፈቃድ መሥራት" የፈረንጅ ነገር አይደለም ወይ? እኛ ለሽማግሌና ለማኅበር የምንታዘዝ ሕዝብ ነን።

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሰው በራስ ፈቃድ መሥራትን ለብቻ ከመኖር ጋር ያምታታዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቺርኮቭና ራያን ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ያሉ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ልማዱ የግልም ይሁን የጋራ፣ ሰው አምኖበት ሲፈጽመው ደህና ሆኖ ይታያል፤ ተገድዶ ሲፈጽመው አይታይም። አባቱን አምኖ የሚታዘዝ ልጅ በራሱ ፈቃድ እየሠራ ነው ማለት ነው።

የመንዝ ጓሳ ለዚህ ከማንም አገር የተሻለ ምሳሌ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የጓሳ ሣር መሬት ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ሣር እዚያ ይበቅላል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነዋሪው ራሱ ደንብ አውጥቶ ይጠብቀው ነበር። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በስምምነት ይከፈትና ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። መሬቱ የሁሉም ተባለ፤ ጠባቂ ግን አጣ። እንደልብ ታጨደ፣ ታረሰ፣ ተጋጠ። በኋላ ማኅበረሰቡ ደንቡን በአዲስ መልክ አቆመው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ደንቡ በሁለቱም ጊዜ ጥብቅ ነበር፣ ቅጣትም ነበረው። ሰውን ያስከበረው ግን ያወጣው ራሱ መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀበሌ ሥራ፣ የተፋሰስ ልማትም ሆነ ችግኝ ተከላ የሚመራ ሰው ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። ሁሉን ለነዋሪ መልቀቅ ባይችል እንኳ ቀኑንና ሰዓቱን ነዋሪው ይምረጥ። የት እንደሚጀመርም ይጠየቅ። በገበያ ቀን ሥራ ጠርቶ "ሕዝቡ ተነሳሽነት የለውም" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ግን ተነሳሽነቱ የጎደለው ማን እንደሆነ ያሳያል።